«ሲስተሙ በጥገና ላይ ነው» ሲልሽ፦ ደሞዝሽ የሚያልፍበት ማሽን እንዴት ይጠበቃል?

ሌሊት 7 ሰዓት ሊሆን ነው። እንግዶቹ ሄደው፣ ዕቃው ታጥቦ፣ ወጥ ቤቱ ተወልውሎ ገና አሁን ክፍልሽ መግባትሽ ነው። ራቲብ ገብቷል የሚል መልእክት ከቀን ጀምሮ ስልክሽ ላይ አለ። ለእናትሽ ልትልኪ አፑን ስትከፍቺው «ሲስተሙ በጥገና ላይ ነው፣ ትንሽ ቆይተው ይሞክሩ» ይልሻል። ድንግጥ ትያለሽ። «ብሬስ? ወሰዱት እንዴ?»

ብዙ ጊዜ መልሱ «አልወሰዱትም» ነው። አንቺ ሳሎኑን የምታጸጂው ሰው ሲተኛ ወይም ከቤት ሲወጣ ነው። የባንክ ማሽንም የሚጸዳውና የሚታደሰው ሰው በማይበዛበት ሰዓት ነው። ግን ማሽኑ እንዴት እንደሚጠበቅ ትንሽ ካወቅሽ ሁለት ነገር ታተርፊያለሽ። አንደኛ፣ በማያስደነግጥ ነገር አትደነግጪም። ሁለተኛ፣ በእውነት መደንገጥ ያለብሽ የቱ ጋ እንደሆነ ታውቂያለሽ።

ደሞዝ ከእጅ ወደ ስልክ

ድሮ ደሞዝ የሚሰጠው በእጅ ነበር። አንዳንዷ ማዳም በወሩ ቆጥራ ትሰጣለች፤ አንዳንዷ ደግሞ «እኔ ጋ ይቀመጥልሽ» ትላለች። ሁለት ዓመት ሞልቶ ወደ አገር መግቢያ ሲደርስ ክርክር ይነሳል፤ «ሰጥቻታለሁ»፣ «አልሰጠችኝም»። ማስረጃ የለም።

የሳዑዲ የሰው ኃይልና ማኅበራዊ ልማት ሚኒስቴር የቤት ሠራተኞች ደሞዝ በሙሳነድ በኩል፣ በባንክ ወይም በስልክ ዋሌት እንዲከፈል በደረጃ ደንግጓል። እ.ኤ.አ. ከጁላይ 1 ቀን 2024 ጀምሮ በአዲስ ውል የሚመጡት ገቡ። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2025 ከአራት በላይ ሠራተኛ ያላቸው አሠሪዎች፣ ከጁላይ 2025 ሦስትና ከዚያ በላይ ያላቸው፣ ከኦክቶበር 2025 ደግሞ ሁለትና ከዚያ በላይ ያላቸው ተጨመሩ። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ሁሉንም ይመለከታል።

ይህ ለእኛ ጥሩ ነገር ነው። እያንዳንዱ ክፍያ ቀኑና መጠኑ ተመዝግቦ ይቀመጣል። ነገር ግን ደሞዝሽ አሁን በእጅ የሚቆጠር ወረቀት መሆኑ ቀርቷል፤ አንድ ማሽን ላይ የተጻፈ ቁጥር ሆኗል። ያ ማሽን ሰርቨር ይባላል።

ሰርቨር ምንድነው?

ሰርቨር ተአምር አይደለም፣ ኮምፒውተር ነው። ልዩነቱ ቀንና ሌሊት አለመጥፋቱ ነው። ሥራው ከብዙ ስልኮችና ኮምፒውተሮች የሚመጣለትን ጥያቄ እየተቀበለ መልስ መስጠት ነው። አንቺ 500 ሪያል «ላክ» ስትዪ ስልክሽ ራሱ ብር አይልክም። ጥያቄውን ወደ ሰርቨሩ ያደርሳል። ሰርቨሩ በመጀመሪያ «ይቺ ማናት?» ብሎ ማንነትሽን ያጣራል። ቀጥሎ «500 ሪያል አላት?» ይላል። ካለሽ ከሂሳብሽ ይቀንሳል፣ መዝገብ ላይ ይጽፋል፣ ከዚያ አዲስ አበባ ወይም ደሴ ላለው ባንክ ሰርቨር ያስተላልፋል።

በዓለም ላይ ካሉት የዌብ ሰርቨሮች አብዛኞቹ የሚሠሩት ሊኑክስ በሚባል ሥርዓት ነው። ሊኑክስን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1991 ሄልሲንኪ ይማር የነበረ ሊነስ ቶርቫልድስ የሚባል የፊንላንድ ተማሪ ነው። በነጻ የሚገኝ ነው፤ ውስጡም ለሁሉም ክፍት ስለሆነ በሺህ የሚቆጠሩ ባለሙያዎች እያዩ ያርሙታል። ሩቅ ነገር እንዳይመስልሽ፤ እጅሽ ላይ ያለው ስልክ አንድሮይድ ከሆነ ከሥር ያለው ሊኑክስ ነው።

ነጻና ጠንካራ ነው ማለት ግን ራሱን በራሱ ይጠብቃል ማለት አይደለም። ቪላው የቱንም ያህል ቢያምር በሩን የሚዘጋ፣ አቧራውን የሚጠርግ ሰው ከሌለ ምን እንደሚሆን ከአንቺ በላይ የሚያውቅ የለም።

የሰርቨር የቤት ሥራዎች

ብር የሚያልፍበትን ሰርቨር የሚጠብቁ ሰዎች በየቀኑ የሚሠሩት ነገር ከቤት አያያዝ ብዙ አይለይም።

አንደኛ፣ በር መዝጋት። አንድ ሰርቨር ከ65 ሺህ በላይ ቁጥር የተሰጣቸው በሮች አሉት፤ ፖርት ይባላሉ። ደንበኛ የሚገባበት የተጠበቀው የዌብ በር ቁጥር 443 ነው። 80 ቁጥር የድሮው በር ሲሆን ዛሬ ሥራው የመጣውን ሰው ወደ 443 መምራት ብቻ ነው። 22 ቁጥር ሠራተኞቹ የሚገቡበት የጓሮ በር ነው፤ ከሚታወቅ ቦታ ለሚመጣ ብቻ ይከፈታል። የሌላው ሁሉ ይዘጋል። በሩ ላይ የሚቆመው ዘበኛ ፋየርዎል ይባላል። የሂሳብ መዝገቡ ያለበት ክፍል ደግሞ በፍጹም ወደ መንገድ የሚከፈት በር አይኖረውም።

ሁለተኛ፣ ቁልፍ መለየት። ሊኑክስ ላይ ሁሉን የሚከፍት አንድ ዋና ቁልፍ አለ፤ ሩት ይባላል። ጥሩ ባለሙያ በሩት ቁልፍ የዕለት ሥራ አይሠራም። ለእያንዳንዱ ሰው ለሥራው የሚበቃውን ብቻ ይሰጣል። ሹፌሩ የመኪናውን ቁልፍ ይይዛል፣ የወርቁን ካዝና ቁልፍ ግን አይይዝም። አንዱ ቁልፍ ቢሰረቅ ሌባው የሚያገኘው አንድ ክፍል ብቻ ይሆናል።

ሦስተኛ፣ ማደስ። ትልቁ ሥራ ይህ ነው። ፕሮግራም የሰው ሥራ ስለሆነ ቀዳዳ አይጠፋውም። ቀዳዳው ሲገኝ የሠሩት ሰዎች መድፈኛ ያወጣሉ፤ አፕዴት የምንለው እሱን ነው። መድፈኛው በወጣ ቀን ግን ሌባውም ቀዳዳው የት እንደሆነ ያውቃል። ስለዚህ እሽቅድምድም ነው።

የዘገየ ምን እንደሚደርስበት ኢኩፋክስ ላይ ታይቷል። ኢኩፋክስ የሰዎችን የብድር ታሪክ የሚይዝ ትልቅ የአሜሪካ ኩባንያ ነው። ድረ ገጹ የሚሠራበት አፓቺ ስትራትስ የሚባል ፕሮግራም ቀዳዳ ተገኘበትና መድፈኛው እ.ኤ.አ. በማርች 2017 ወጣ። ኩባንያው አንዱን ሲስተም ሳያድስ ቀረ። ሌቦቹ በሜይ ገቡ። የታወቀው በጁላይ መጨረሻ ነው። ወደ 147 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው የግል መረጃ ተወሰደ። ይሄ ሁሉ የመጣው መድፈኛው እያለ አንድ ቀዳዳ ሳይደፈን በመቅረቱ ነው።

አራተኛ፣ ግልባጭ መያዝ። መዝገቡ በየጊዜው ይገለበጥና ሌላ ቦታ ይቀመጣል። እዚያው ሰርቨር ላይ የተቀመጠ ግልባጭ ቤቱ ሲቃጠል አብሮ ይቃጠላል። ደግሞም መሞከር አለበት። በር ላይ ተሞክሮ የማያውቅ ትርፍ ቁልፍ የጨነቀ ቀን ላይከፍት ይችላል።

አምስተኛ፣ መዝገብ ማየት። ሰርቨር ማን መቼ ገባ፣ ማን ሞክሮ አቃተው የሚለውን ሁሉ ይጽፋል፤ ሎግ ይባላል። ፓስወርድ ደጋግመሽ ስትሳሳቺ አፑ የሚቆልፍብሽ ለዚህ ነው። ያናድዳል፣ ግን ማሽኑ «ይቺ ባለቤቷ ላትሆን ትችላለች» ብሎ ብርሽን እየጠበቀ ነው።

የመጋቢት 2016ቱ ሌሊት

ጥገናው ራሱ ሲሳሳትስ? ይህን በአገራችን አይተነዋል። መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ዓርብ ሌሊት ለቅዳሜ አጥቢያ፣ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ተዛባ። ሰዎች ሂሳባቸው ላይ ከሌለ ብር በላይ ከኤቲኤም ማውጣትና በስልክ ማስተላለፍ ቻሉ። ወሬው በተለይ በዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች መካከል ቶሎ ተዳረሰና ኤቲኤም በር ላይ ሌሊቱን ሰልፍ ሆነ። ባንኩ አገልግሎቱን ለሰዓታት አቋረጠ። ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ ግብይት ተፈጽሞ ነበር። ባንኩ በኋላ አላግባብ ወጣ ያለው ብር ከ801 ሚሊዮን በላይ ነው።

ብሔራዊ ባንክ ችግሩ የተፈጠረው በጥገናና በፍተሻ ሥራ ላይ እያለ እንደሆነ፣ የሳይበር ጥቃት እንዳልነበረ አስታውቋል። ከዚህ የምንማረው ሁለት ነገር አለ።

አንዱ ለባለሙያዎቹ ነው። ሰው ብር በሚያወጣበት ማሽን ላይ ለውጥ ከማድረግ በፊት በሌላ ተመሳሳይ ማሽን ላይ መሞከር፣ ካልተሳካ ወደ ነበረበት የሚመለስበትን መንገድ ማዘጋጀትና ለውጡ እስኪያልቅ ክፍያውን ማቆም የግድ ነው። ስለዚህ «ሲስተሙ በጥገና ላይ ነው» የሚለው መልእክት ከመጣ በሩን ዘግተው እየሠሩ ነው ማለት ነው። ክፍት አድርጎ ከመሥራት ይሻላል።

ሌላው ለእኛ ነው። ያን ሌሊት ብር ያወጡ ብዙዎች «ማሽኑ አያውቀኝም» ብለው ነበር። ማሽኑ ግን ሁሉንም ጽፎታል። ባንኩ ያልመለሱትን ሰዎች ስምና የሂሳብ ቁጥር ዝርዝር ይፋ አወጣ፤ አብዛኛው ብርም በሳምንታት ውስጥ ተመለሰ። አንድ ቀን የማታውቂው ብር ሂሳብሽ ላይ ቢገባ አትንኪው፣ ለባንኩ ደውለሽ ንገሪ። ከዚህም የሚብስ አለ። «ብር በአካውንትሽ ይገባል፣ አንቺ ወደዚህ አስተላልፊው፣ 100 ሪያል ለራስሽ ያዢ» የሚልሽ ሰው ቢመጣ፣ ሐበሻም ይሁን ሌላ፣ እምቢ በዪ። ያ ብር የተሰረቀ ከሆነ ሎጉ ላይ የሚገኘው ያንቺ ስም ነው፤ ፖሊስ የሚፈልገውም አንቺን ነው።

የቁልፏ ምልክት የምትነግርሽና የማትነግርሽ

ድረ ገጽ ስትከፍቺ ከአድራሻው አጠገብ ትንሽ የቁልፍ ምልክት ታያለሽ። ትርጉሟ «አንቺና ይህ ሰርቨር የምትነጋገሩትን መንገድ ላይ ያለ ሰው አያነብም» ማለት ነው። የገበያ አዳራሽ ውስጥ በነጻ ዋይፋይ ስትጠቀሚ ትጠቅማለች።

ግን «ይህ ሰርቨር የታመነ ሰው ነው» አትልም። ምልክቷን የሚያስገኘውን ሰርተፊኬት ማንም በነጻ ማውጣት ይችላል፤ ሌትስ ኢንክሪፕት የሚባለው ድርጅት ለመላው ዓለም በነጻ ይሰጣል። ለታማኙ ድረ ገጽ ጥሩ ነው፤ ሌባውም ግን ያወጣል። ከሌባ ጋር በምስጢር ማውራት ደግሞ ከሌባ አያድንም።

ስለዚህ አድራሻውን እዪ። አድራሻ የሚነበበው ከኋላ ነው፤ ከመጀመሪያዋ ነጠላ ዘንባይ መስመር በፊት ያሉት የመጨረሻዎቹ ቃላት ናቸው ባለቤቱን የሚነግሩሽ። የሙሳነድ ትክክለኛ አድራሻ «ሙሳነድ ዶት ኮም ዶት ኤስኤ» ብሎ ያልቃል። «ሙሳነድ» የሚለው ቃል ፊት ላይ ኖሮ መጨረሻው «ዶት ኦንላይን» ወይም ሌላ ነገር ከሆነ የሌላ ሰው ቤት ነው። ከሁሉ የሚሻለው ግን በመልእክት የመጣ ሊንክ አለመንካት ነው። «ዕቃሽ ፖስታ ቤት ደርሷል 15 ሪያል ክፈዪ»፣ «ኢቃማሽ ሊታገድ ነው»፣ «ሽልማት ደርሶሻል» የሚሉት ሁሉ ሊንክ ለማስነካት ነው። አፑን ራስሽ ከፕሌይ ስቶር ወይም ከአፕ ስቶር አውርደሽ ከዚያ ብቻ ግቢ።

ሰርቨሩ ሊያድንሽ የማይችልበት ቦታ

አሁን ዋናው ነገር። ሰርቨሩ በሩ ሁሉ ቢዘጋ፣ በየቀኑ ቢታደስ፣ አንድ ነገር ግን ማወቅ አይችልም። ትክክለኛው ፓስወርድና ትክክለኛው ኦቲፒ ከገባለት «ይቺ እሷ ናት» ይላል። ሌባው ይህን ያውቃል። ጠንካራ ሰርቨር ከመስበር አንቺን ማታለል ይቀለዋል።

ስለዚህ በስልክሽ የሚመጣውን የኦቲፒ ቁጥር ለማንም አትንገሪ። ባንክ ደውሎ አይጠይቅም፤ ፖሊስ፣ ኤምባሲ፣ ሙሳነድም አይጠይቅም። በአማርኛ ቢያወራሽ፣ ስምሽንና የኢቃማ ቁጥርሽን ቢነግርሽም አትመኚ። ናፋዝ ላይም እንዲሁ ነው። አንቺ ራስሽ ምንም ሳትጀምሪ «ይህን ቁጥር ምረጪ» የሚል ጥያቄ ከመጣ ሌላ ሰው በስምሽ ሊገባ እየሞከረ ነው፤ አትቀበዪ።

ሸሪሃው በስምሽ ይሁን። ዋሌቱ የተከፈተበት ስልክ ቁጥር በኢቃማሽ የወጣና አንቺ እጅ ያለ መሆን አለበት። ቁጥሩ የማዳም ወይም የባባ ከሆነ ኦቲፒው የሚሄደው ለእነሱ ነው፤ «ደሞዝ ተከፍሏታል» የሚል ማስረጃ ይኖራል፣ አንቺ ግን ብሩን አታዪውም። የማዳ ካርድሽንና የዋሌት ፓስወርድሽንም ራስሽ ያዢ። ይህን እምቢ የሚል አሠሪ ካጋጠመሽ፣ ጭቅጭቅ ውስጥ ሳትገቢ በየወሩ የገባልሽንና ያልገባልሽን በቀን ጻፊ፣ ፎቶ አንሺ፣ ለቤተሰብሽ ላኪ። የሚኒስቴሩ ስልክ 19911 ነው፤ ስትችዪ ደውዪ።

ስልክሽንም አድሺ። አንድሮይድ ከሥሩ ሊኑክስ ነው ብለናል፤ የኢኩፋክስ ታሪክ በስልክሽም ይሠራል። «አፕዴት» ሲልሽ ሁልጊዜ «በኋላ» አትበዪው። ዋይፋይ ሲኖር፣ ሌሊት ቻርጅ ላይ ሰክተሽ ይታደስ። ከቴሌግራም የተላከልሽን አፕ ደግሞ በጭራሽ አትጫኚ፤ ራስሽ ለሌባ በር መክፈት ነው።

ብር ከወጣ ምን ላድርግ?

ማልቀሱ በኋላ ይደርሳል፤ መጀመሪያ ፍጥነት ነው። ሌባው ብሩን ከአንዱ ሂሳብ ወደ ሌላው የሚያዞረው በደቂቃ ነው።

1. አፑ ውስጥ ወይም ካርድሽ ጀርባ ባለው ቁጥር ለባንኩ ደውለሽ ሂሳቡ እንዲታገድ ጠይቂ። ቁጥሩን ከመልእክቱ ወይም ከጉግል አትውሰጂ፤ የውሸት ቁጥር አለ።
2. የመጣልሽን መልእክት፣ የደወለልሽን ቁጥር፣ የወጣውን ብር ስክሪንሾት አንሺ። ምንም አታጥፊ።
3. የማጭበርበሪያውን መልእክት ወደ 330330 አስተላልፊ።
4. ለፖሊስ አመልክቺ። ኩሉና አምን በሚባለው አፕ ይቻላል፤ ሪያድ ውስጥ 911 መደወልም ይቻላል።
5. ለጓደኞችሽ ንገሪ። በጥሃና መንፉሃ ያለችው እህትሽ ነገ ያው ስልክ ሊደወልላት ይችላል። መታለል ነውር አይደለም፤ ዝምታው ግን ለሌባው ይመቸዋል።

ወንድምሽ «ዌብሳይት ልከፍት ነው፣ ብር ላኪልኝ» ካለሽ

ብዙዎቻችሁ አገር ቤት ኮምፒውተር የተማረ ወንድም ወይም እህት አስተምራችኋል። አሁን «በኢንተርኔት ዕቃ ልሸጥ ነው፣ ሰርቨር ልከራይ» እያሉ ነው። ጥሩ ሥራ ሊሆን ይችላል። ግን የምትልኪው የስንት ወር ላብሽ ነው። ከመላክሽ በፊት እነዚህን ጠይቂው፤ እንዳላወቀ ሰው አታፍሪ።

«የደንበኛውን ካርድ ቁጥርና ፓስወርድ አንተ ነህ የምትይዘው?» ጥሩው መልስ «አይ፣ ክፍያው በቴሌብር፣ በቻፓ ወይም በባንክ በኩል ያልፋል፤ እኔ ጋ ተከፍሏል የሚለው ብቻ ይመጣል» ነው። ያልያዝከውን አትሰረቅም።

«ተከፍሏል የሚለውንስ እንዴት ታረጋግጣለህ?» ደንበኛው የላከውን ስክሪንሾት አይቶ ዕቃ የሚያስረክብ ሱቅ ቶሎ ይከስራል፤ ስክሪንሾት በስልክ ይቀባል። ሰርቨሩ ራሱ የከፋዩን ድርጅት ሰርቨር ጠይቆ ማረጋገጥ አለበት።

«ማን ያድሰዋል? በየስንት ጊዜው?» ሊኑክስ የደኅንነት መድፈኛዎችን በራሱ እንዲጭን ማድረግ ይቻላል። «አንዴ ከተሠራ በቃ» ካለሽ ገና አልገባውም።

«ግልባጩ የት ነው? መልሰህ ሞክረኸዋል?» እና የመጨረሻው፦ «አንተ ብትታመም ወይም ብትሄድ ቁልፉ ማን ጋ አለ?»

እነዚህን ሳይንተባተብ ከመለሰልሽ የላክሽው ብር ጥሩ ቦታ ነው የገባው። ካልመለሰ፣ ሰርቨሩን ሳይሆን መጀመሪያ ትምህርቱን ክፈዪለት።

ወደ ሌሊት 7 ሰዓቷ እንመለስ። «ሲስተሙ በጥገና ላይ ነው» ካለሽ አፑን ዝጊ። በዚያ ሰዓት «ልርዳሽ» ብሎ የሚደውል ሰው ካለ ስልኩን ዝጊበት። ተኚ፤ ጠዋት ክፈቺው። ሰርቨሩ ላይ የተጻፈው ቁጥር እዚያው ይጠብቅሻል። ካልጠበቀሽ ደግሞ ምን እንደምታደርጊ አሁን ታውቂያለሽ። ማንበብ የማትችል እህት አጠገብሽ ካለች ይህን አንብቢላት፤ በተለይ የኦቲፒውን ነገር ሁለቴ ንገሪያት።